የጋሽ አባተ ድምፅ በሬዲዮ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 11 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ ለደሳለው፣

እንደምን ከርመሃል? የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ክረምቱ ሲወጣ ለቀቅ አድርጎኛል። የመስከረሙ ደብዳቤህ በሰላም ደርሶኛል።

«በእሁዱ ድራማ አለሁበት» ብለህ ስለጻፍክልኝ፣ ቅመሜን ዑመር ሱቅ በር ላይ ዘርግቼ ሬዲዮውን አስከፍቼ ጠበቅሁ። ዶክተሩ አንተ ነህ ብዬ አሰብኩ፤ አይደለህም። ባልየው ነው ብዬ ለዑመር ሚስት ለዘቢባ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ «ኧረ እትዬ ውዴ፣ ይሄ የወፍራም ሰው ድምፅ ነው፤ ደሳለው መቼ ወፈረ» አለችኝ። መጨረሻ ላይ የተዋንያኑ ስም ሲነበብ «የወባ ትንኝ፣ ደሳለው» አለ። ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባ ተቀምጠህ ትንኝ ሆንክ? ላፍርብህ ስል ዑመር ግን «እትዬ፣ ትንኟ እኮ ጎበዝ ናት፤ እኔ እጄን አንስቼ የገዛ ጆሮዬን መትቻለሁ» አለ። ይህን ሲል ትንሽ ደስ አለኝ።

የሰው ልጅ አዲስ አበባ ሲሄድ በሶና ቅቤ ላኩልኝ ይላል፤ አንተ የሰው አነጋገር ላኩልኝ ትላለህ። ደህና፣ እልክልሃለሁ። ግን እስቲ እኔም ልጠይቅህ። ዘመድ ያለው ሁሉ ቴሌ እየተጠራ ሲያወራ እኔ ብቻ ፖስታ ቤት የምመላለሰው ለምንድን ነው? አሁንም ስምህ ላይ ትያዛለህ? ልጅ ሆነህ «ደ» ላይ ቆመህ ስትታገል እኔ አላስችለኝ እያለ እጨርስልህ ነበር። ሌላ ሰው ስታስመስል ግን ውሃ ነበርክ። ቄሱን ስታስመስል፣ ዳኛውን ስታስመስል አንድ ቃል አያንቅህም ነበር። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ደህና አድርገህ ስማ። የሽማግሌ ድምፅ ፈልጌያለሁ ላልከው ከጎረቤታችን ከጋሽ አባተ የተሻለ የለም። ሊናገሩ ሲሉ በከዘራቸው ጫፍ ፊታቸው ያለውን አፈር አንዴ ጠረግ ያደርጋሉ። ከዚያ «እኔ ምን አውቄ፤ እናንተው ንገሩኝ» ይሉና ዝም። ዝምታቸው ስለሚረዝም ሰው ይጨንቀውና ደብቆት የመጣውን ነገር ራሱ ያወጣዋል። የላይኛው ጥርሳቸው ስለወለቀ አነጋገራቸው ትንሽ ያፏጫል።

እሳቸውን በደንብ እያየሁ ያለሁት በልጄ፣ በወንድምህ በዋልልኝ ጉዳይ ነው። የተፈረደበትን እስር ጨርሶ ወጥቷል፤ ነገር ግን ሑመራ ነው የተቀመጠው። ይፋግ መንገድ ላይ በመኪናው ገጭቶ የገደለው ካሳሁን ታላቅ ወንድም አለው፤ ሙላቴ የሚባለው፤ እሱ እርቅ ሳይወርድ ዓይኑን እንዳላየው ብሏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ጋሽ አባተ ሽምግልናውን ይዘውልኛል፤ አንዴ ይፋግ ደርሰው መጥተዋል። እሳቸው ከያዙት ልጄ ቤቱ ይገባል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

አክስትህ ውዴ

—

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለእናትነትም ለአክስትነትም ለበቁኝ ለእትዬ ውዴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። የዋልልኝን ከእስር መውጣት ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሑመራ መቅረቱን ሰምቼ ደግሞ አዝኛለሁ። ጋሽ አባተ ከያዙት እኔም ተስፋ አለኝ።

ትንኟን አይናቋት። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ገብታ ስታስቸግረኝ ከመግደሌ በፊት ብዙ አዳምጫታለሁ። ስትቀርብ ትቀጥናለች፤ ስትርቅ ትወፍራለች። ይህን ሳውቅ ነው መሥራት የቻልኩት። ከእሷ ሌላ በቲያትር ቤቱ አሮጊት ጎረቤት ሆኜ እተውናለሁ፤ በአንድ የልጆች ፊልም ላይ ደግሞ ፍየሏም የፍየሏ ባለቤትም እኔው ስለሆንኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ስለ ፍየሏ ሲያወሩ አጠገባቸው ተቀምጬ እኔ መሆኔን አያውቁም። ይህ ለእኔ ምቾት ነው።

አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን ራሴም አይገባኝም። የሰውን ድምፅ ጉሮሮዬ ውስጥ ብፈልገው አላገኘውም። መጀመሪያ እጁ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ አለብኝ፤ እጄን እዚያ ሳስቀምጥ ድምፁ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ላስቸግርዎ። ጋሽ አባተ ዝም ሲሉ ግራ እጃቸው የት ነው? ዓይናቸውስ ማንን ያያል? ምራቃቸውን ይውጣሉ? አዲስ ተከታታይ ድራማ ሊጀመር ነው፤ አንድ ሽማግሌ አለበት፤ ይህን ቦታ ካገኘሁ ከትንኝነት ወጣሁ ማለት ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ መስመሩ በጣም ይቆራረጣል።

ልጅዎ ደሳለው

—

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለገናው በዓል በጤና ያድርስህ።

ያዘዝከኝን ለማየት ብዬ ጋሽ አባተ የያዙት የማያገባኝ የድንበር ክርክር ላይ ሄጄ ሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ግራ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ሆኖ ጉልበታቸውን ይዟል። ዓይናቸው የተናጋሪውን ፊት አያይም፤ ጫማው ላይ ነው የሚያርፈው። ሲበተኑ ጠጋ ብዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ፊቱን ያየሁት ሰው ለፊቱ ይጠነቀቃል፤ ጫማውን ካየሁት ግን እኔን ይረሳኛል» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆነው አላወቅኩም ነበር።

«ምነው ውዴ፣ ምን ጥየቃ አበዛሽ?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በሬዲዮ ሰው እየሆነ ይጫወታል፤ የእርስዎን ድምፅ ወዶት ነው አልኩ። ሳቁ። «እንግዲያው ይዋሰኝ፤ ሲጨርስ ግን ይመልስልኝ» አሉ። ሰውየው ቀልደኛ መሆናቸውንም ያወቅሁት በአንተ ምክንያት ነው።

ሙላቴ በጥምቀት ማግስት ከጋሽ አባተ ጋር ሊቀመጥ እሺ ብሏል። ለዋልልኝ መልእክት ልኬለታለሁ።

አክስትህ ውዴ

—

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ደስ ይበልዎ፤ ቦታውን አገኘሁት። ሌሎቹ ተፈታኞች ቆመው ሲያነቡ እኔ ወንበር ለመንኩ፤ ግራ እጄን ኮቴ ውስጥ አስገብቼ ጉልበቴን ያዝኩ፤ የደራሲውን ጫማ እያየሁ «እኔ ምን አውቄ፤ እናንተው ንገሩኝ» ብዬ ዝም አልኩ። ደራሲው ቢጠብቅ ቢጠብቅ ዝም ስላልኩበት፣ ድራማው መሃል ላይ እንደከበደው ራሱ ነገረን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ይህን ድምፅ ማንም ያምነዋል» አለና የሽማግሌውን ነገር እንደገና ሊጽፈው ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ገጸ ባሕርዩ ቸሩ ይባላል፤ የቤት ደላላ ነው። ትንሽ ብልጥ ቢጤ ነው። እሁድ ከሰዓት ያዳምጡኝ፤ አሁን እኔን መፈለግ አይቸግርዎትም።

የጥምቀቱ ሽምግልና ምን ደረሰ? ይጻፉልኝ። ደግሞ የዑመር አባት ደንበኛ ሲጠሩ እንዴት እንደነበር ቢያስታውሱ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ደሳለው

—

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፣

እንደምን አለህ? አንተዬ፣ ሆዴን በሳቅ አፈረስከው! ዑመር ሱቅ በር ላይ መቆሚያ ጠፍቶ ነበር። ቸሩ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ገብቶ «እኔ ምን አውቄ፤ እናንተው ንገሩኝ» ብሎ ዝም ሲል፣ ያቺ ሞኝ የቤቱ ካርታ የት እንደተቀመጠ ራሷ ነገረችው! ያን ጊዜ ዘቢባ ጮኸች። ዑመር «ይሄማ ጋሽ አባተ ናቸው! ከነፉጨታቸው!» አለ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ፤ እኔ ነኝ የላክሁለት አልኩ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎኝ ሄደ።

አሁን ገበያው ቸሩን ይዞታል። በርበሬዬን የሚገዛ ዋጋ ስጠራበት «እኔ ምን አውቄ» ይለኛል።

ጋሽ አባተ ሬዲዮ የላቸውም። ስለ ጥምቀቱ፣ ሙላቴ ተቀምጦ ሰምቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ዘመድ ሰብስቦ መልስ ሊሰጥ ቀጠሮ ይዟል። አሳስቆ የሚያሳድርህ አምላክ ይባርክህ።

አክስትህ ውዴ

—

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ጤና ነዎት? በሚያዝያ ጻፍኩ፤ በግንቦት ጻፍኩ፤ መልስ አጣሁ። መንገዱ ተበላሽቶ ነው ወይስ ታመው ነው? እባክዎ በአንድ መስመር እንኳ ያሳውቁኝ።

የእኔ ነገር መልካም ነው። ቸሩ አገሩን አዳርሷል። ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ድምፄን ሰምቶ ዞር አለና «ቸሩ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ እኔም በቸሩ ድምፅ መልሼ ቀለድኩ። ስሜን ጠየቀኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው አድማጭ ነው። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የይፋጉ ቀጠሮ ምን ሆነ? ዋልልኝ ገባ?

ልጅዎ ደሳለው

—

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለደሳለው፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ያልጻፍኩት ታምሜ አይደለም። ተናድጄ ነው፤ መጀመሪያ ባንተ፣ ከዚያ በራሴ።

ከፋሲካ በኋላ ይፋግ ተቀመጥን። የሙላቴ ዘመዶች በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ ወገን፣ ጋሽ አባተ መሃል። አፈሩን በከዘራቸው ጠረግ አደረጉ። «እኔ ምን አውቄ» ሲሉ ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ቀደማቸውና «እናንተው ንገሩኝ!» አለ። ሳቅ ሆነ። የእኛም ሰዎች ሳቁ። ጋሽ አባተ ምን እንደተፈጠረ ስላልገባቸው ወዲያና ወዲህ አዩ። ሙላቴ ተነሣ። «የወንድሜን ደም በሬዲዮ በሚሣቅበት ሌባ አፍ አልታረቅም» ብሎ ሄደ።

ጋሽ አባተ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና አልወጡም። ሰው ሲጠራቸው ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። እኔን ሲያዩ ሰላም ይሉኛል፤ ደህና አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ልላቸው እፈልግና ሰላምታቸውን መልሼ አልፋለሁ።

ዋልልኝ ሑመራ ወባ ይዞት ከርሟል። ያንተ ትንኝ አይደለችም የነከሰችው፤ እውነተኛዋ ናት። «እማ፣ ሬሳዬ ነው ወይ ደብረ ታቦር የሚገባው?» ብሎ ልኮብኛል። ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ አንተ ገምት።

ያን ድምፅ ከሬዲዮ አውጣው። የላክሁት እኔ ነኝ፤ መልስልኝ።

ውዴ

—

አዲስ አበባ፣ መስከረም 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረስዎ ማለት ይከብደኛል፤ ቢሆንም እንኳን አደረስዎ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሥራ መሄድ አቅቶኝ ውዬአለሁ።

ቸሩ ጥሩ ሰው አለመሆኑን የካቲት ላይ አውቅ ነበር። «ብልጥ ቢጤ» ብዬ አለፍኩት፤ ከነገርኩዎት ይከለክሉኛል ብዬ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ይህን ያህል ይደርሳል ብዬ ግን በፍጹም አላሰብኩም። እኛ እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለግድግዳ ነው የምናወራው።

ድምፁን ቀስ በቀስ ልለውጠው ሞከርኩ። ፉጨቱን ስተወው አዘጋጁ አስቆመኝ፤ ዝምታውን ሳሳጥረው «ታመሃል?» አለኝ። ልልቀቅ ብል ደግሞ ያለ ቸሩ ድራማው የለም ይላሉ። እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔም ልለቀው አልጨከንኩም።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካሴት ልኬአለሁ። ለጋሽ አባተም ለሙላቴም ይቅርታ የጠየቅሁበት ነው። ስቱዲዮ ገብቼ ደጋግሜ የቀዳሁት ስለሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዑመር ቴፕ አለው፤ ያሰሙልኝ። ለዋልልኝ የወባ መድኃኒት ሑመራ በሚሄድ ሰው ልኬለታለሁ።

ልጅዎ ደሳለው

—

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፣

ጤናህ ይብዛልኝ። መድኃኒቱ ደርሶታል፤ ዋልልኝ ትኩሳቱ ለቆታል። እግዜር ይስጥህ።

ካሴቱን ዑመር ሱቅ ውስጥ ለጋሽ አባተ አሰማኋቸው። እንዴት ያለ ድምፅ ነው! ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ጳጳስ የሚናገር ነው የሚመስለው። ዘቢባ አለቀሰች። ጋሽ አባተ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ጥሩ ድምፅ ነው። የማን ነው?» አሉኝ። የደሳለው ነው አልኩ። «እሱንማ ካሴቱ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ድምፁን ነው የጠየቅሁሽ» አሉ። እኔም አላውቀውም። ከማን ነው የወሰድከው?

ሙላቴም ይፋግ ላይ ሰምቶ «ይሄ ደግሞ ሌላ የድራማ ክፍል ነው እንዴ?» ብሎ ካሴቱን መለሰው።

ከዚያ የሆነውን ስማ። ጋሽ አባተ እሁድ ተመልሰው መጡ። «ሰውየውን አስተዋውቁኝ» አሉ፤ ቸሩን ማለታቸው ነው። ዑመር በርጩማ ሰጣቸው፤ ሰው ሁሉ በሀፍረት ራቅ ብሎ ቆመ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ልክ ተከራካሪ እንደሚሰሙ ሰሙ። ሲያልቅ «እኔን አይመስልም» አሉ። ዑመር ደንግጦ ምነው ቁርጥ እርስዎን ነው ሲላቸው፣ «እኔ ዝም የምለው ሰውየው እስኪጨርስ ነው፤ ይሄ ዝም የሚለው ሰውየው እስኪሳሳት ነው። ልጁ እጄንና ዓይኔን ወስዶ የምጠብቀውን ነገር ትቶታል» አሉ። ቂም አልነበረባቸውም፤ ነገሩ ገርሟቸው ነው የተናገሩት። እንዲያውም ጥያቄ ልከውልሃል። «ክፉ ሰው ሆኖ ሲውል ማታ ወደ ራሱ እንዴት ይመለሳል? ብለሽ ጠይቂልኝ» ብለዋል። «እኔም የሁለት ባላጋራ ቃል ሳመላልስ ውዬ ቤቴ ስገባ የራሴ ቃል ይጠፋኛል» ብለዋል።

ከዚህ በኋላ ከዘራቸውን አንሥተው በእግራቸው ወደ ሙላቴ ለመሄድ ተነሡ፤ ዑመር በመኪና አሳፈራቸው። ይዘውት የመጡት የሙላቴ መልስ ይህ ነው። ዋልልኝ እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣል። ያ የሬዲዮው ልጅም ዘመድ ነውና አብሮት ተሸክሞ ይምጣ። ለቤተሰቡ የሚናገረው እሱ ይሁን። ግን በራሱ አፍ ይናገር፤ የሌላ ሰው ድምፅ አንድ ቃል ከሰማሁ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሙላቴ ያለው ይህን ነው።

ምን እየጠየቅሁህ እንደሆነ አውቃለሁ። የይፋግ ሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም ከስምህ ጀምሮ። በልጅነትህ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ጫካ የምትገባው ለምን እንደነበር አልረሳሁም። እምቢ ብትል አልፈርድብህም፤ ግን ልጄን እፈልገዋለሁ።

አክስትህ ውዴ

—

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 15 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ቸሩን ለሌላ ተዋናይ አስረክቤአለሁ። አዘጋጁ አኩርፎኛል። የካሴቱ ድምፅ የማንም አይደለም፤ ከተለያየ ሰው ቀጣጥዬ የሠራሁት ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ሌላ ሰው መሆን ነበረብኝ። ጋሽ አባተ ወዲያው አወቁኝ።

ለጥያቄአቸው ይህን ይበሉልኝ። ማታ የሚመለሰው ሰው የአውቶቡስ ትኬት ሲቆርጥ የሚሄድበትን በጣቱ የሚያመለክት፣ ሻይ ቤት ሲገባ አጠገቡ ያለው ያዘዘውን «እንደሱ» ብሎ የሚያዝ ሰው ነው። በደብዳቤ ግን አልያዝም፤ ለዚህ ነው ለእርስዎ እንዲህ የማወራው። የስልክ መስመሩ ተቆራርጦ አያውቅም።

በመስታወት ፊት ቆሜ ስሜን እየተለማመድኩ ነው። እስካሁን አንዴም አልወጣልኝም። ቢሆንም ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ። ድንጋዩን ይምረጡልኝ።

ደሳለው

—

ደብረ ታቦር፣ ጥር 4 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፣

አዲስ አበባ በሰላም መግባትህን ነግረውኛል፤ ያስገባህ አምላክ ይመስገን። ስንለያይ ሁላችንም እናለቅስ ስለነበር ምንም ሳላጫውትህ ሄድክ። አንተ ደግሞ አንገትህ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ መሬት መሬት ስታይ ነበር፤ ያላየኸውን ልንገርህ።

«እ... እኔ ደ... ደ...» ብለህ ስትቆም፣ ያ የባለፈው ጎረምሳ «ድራማ ነው!» አለ። ከሴቶቹም መሃል ሊሣቅ ነበር። ሙላቴ ወደ ኋላው ሳይዞር እጁን አነሣ፤ ጸጥ አለ። ጋሽ አባተ ጫማህን እያዩ ነበር። አንተ ትታገላለህ፤ የአንገትህ ሥር ተገትሯል፤ ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፤ ዋልልኝ አጠገብህ ሆኖ ያለቅሳል። እኔ አልቻልኩም። እንደ ድሮው ልጨርስልህ ብድግ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ጋሽ አባተ ዓይናቸውን ከጫማህ አንሥተው እኔን አዩኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጄ፣ አንተን መጠበቅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ አንዴም ጠብቄህ አላውቅማ።

ሙላቴ ወደ ፊት አዘነበለ። ሳያውቀው ከንፈሩ ከአንተ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። «ደሳለው ነኝ» ስትል አብሮህ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ የተናገርከውን ሁሉ ሰው ሁሉ አብሮህ እየታገለ ነው የሰማው። «በጋሽ አባተ እ... እንዲሣቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ካሳሁን ግን አ... አይሣቅበትም» ስትል የካሳሁን እናት ጭንቅላቷን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ በመሃላችን ያለውን ቦታ አልፌ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወጉ አይፈቅድም ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም።

ሙላቴ መጀመሪያ ድንጋዩን ያነሣው ካንተ አንገት ላይ መሆኑን ልብ ብለሃል? «ይሄ ድራማ አይደለም፤ ድራማ ቢሆን ቶሎ ያልቅ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ዋልልኝ ዞረ። የእሱን ሲያነሣ እጁ ቆየ። አየሁት፤ ቆየ። ግን አነሣው።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አባተ ለሽምግልና መውጣት ጀምረዋል። ትናንት የውሃ ክርክር ላይ «እኔ ምን አውቄ» ሲሉ አንድም ሰው አልሣቀም። ሬዲዮው ላይ አዲሱ ቸሩ ቅዝዝ ያለ ነው፤ ዑመር እንደ ጉንፋን በሽተኛ ያወራል እያለ ይሰድበዋል። ጋሽ አባተ «ለልጁ ድምፄን እንደተረከብኩ ጻፊለት፤ ጥሩ ሰው ሆኖ ሊጫወት ሲፈልግ ግን ድጋሚ ይዋሰኝ» ብለዋል። የእሳቸውን መልእክት ጨረስኩ።

ዋልልኝ ጓዳ ተኝቷል። ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ ያንንም ከፈለግህ እልክልሃለሁ።

አሁን የእኔን ልመና ስማ። ደብዳቤ አይቅር፤ ግን አንድ ቀን ደውልልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቴሌ ሄጄ እቀመጣለሁ። ሲጠሩኝ ስልኩን አነሣለሁ፤ ሃሎ እላለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። «ደ» ላይ ብትያዝም አልጨርስልህም፤ እጠብቅሃለሁ።

አክስትህ ውዴ